ውሃው የቀነሰ ጉድጓድ፦ ችግሩ ከፓምፑ፣ ከስክሪኑ ወይስ ከከርሰ ምድሩ?

ጉድጓድ ውሃው ሲቀንስ "ደርቋል" ተብሎ ሌላ ለማስቆፈር ይታሰባል። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው አለ፤ መግቢያው (ስክሪኑ፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባው ባለቀዳዳ የጉድጓዱ ቧንቧ ክፍል) ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትፈቱ መጀመሪያ ለኩ።

ፓምፑን አጥፍታችሁ አሳድሩና ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ በዲፕ ሜትር (ውሃ ሲነካ ምልክት በሚሰጥ የጥልቀት መለኪያ ገመድ) ለኩ፤ ይህ ስታቲክ ሌቭል ነው። ከዚያ ፓምፑን አስነስታችሁ ውሃው መውረዱን ሲያቆም ድገሙት፤ ይህ ደግሞ ዳይናሚክ ሌቭል ነው። 200 ሊትር በርሜል በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላም መዝግቡ። በሴኮንድ የሚወጣውን ሊትር ለሁለቱ ከፍታዎች ልዩነት አካፍሉት። አዲስ ሳለ በሴኮንድ 4 ሊትር ሲሰጥ 8 ሜትር ይወርድ የነበረ ጉድጓድ በሜትር 0.5 ሊትር አቅም ነበረው። ዛሬ 3 ሊትር ሰጥቶ 12 ሜትር ከወረደ አቅሙ 0.25 ነው፤ ግማሹን አጥቷል። ማጽዳቱ ሩቡ ሲጠፋ ቢጀመር ይሻላል፤ የቆየ ደለል ይደድራልና።

ውሃው ቀንሷል፣ ሁለቱም ከፍታዎች ግን ብዙ አልወረዱም
ጉድጓዱ ደህና ነው። የፓምፑ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) አልቋል ወይም ቧንቧው ያፈስሳል። በእጅ ፓምፕ ከሆነ ውሃ እስኪወጣ ምቱና 30 ደቂቃ ተዉት። እንደገና ውሃ ለማውጣት ከ5 ምት በላይ ካስፈለገ ፉት ቫልቩን (ውሃው ወደታች እንዳይመለስ ከግርጌ የሚይዘውን)፣ ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን)ና የቧንቧውን መገጣጠሚያ ፈትሹ። ቶሎ መጥቶ መጠኑ ካነሰ የፒስተኑን ጎማ ቀይሩ።

ስታቲክ ሌቭሉ ራሱ ወርዷል
የከርሰ ምድር ውሃው ዝቅ ብሏል፤ ማጽዳት አይጠቅምም። ቦታ ካለ ፓምፑን ዝቅ አድርጉ፣ የሚወጣውንም ውሃ ቀንሱ።

ስታቲክ ሌቭሉ እንደድሮው ነው፣ ፓምፑ ሲሠራ ግን ውሃው በጣም ይወርዳል
ስክሪኑ ወይም በዙሪያው ያለው ጠጠር ተደፍኗል። ፓምፑን አውጥታችሁ የተጣበቀበትን እዩ። ቀይ ዝልግልግ አተላ የብረት ባክቴሪያ ነው። አቼቶ ሲነካው አረፋ የሚያወጣ ነጭ ቅርፊት ካርቦኔት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ኬሚካል አፍስሶ መሄድ ነው። ዝም ብሎ የፈሰሰ ኬሚካል ኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የያዘው ቧንቧ) ውስጥ ይቀራል፣ ጠጠሩ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ኬሲንጉንና ስክሪኑን በብሩሽ ፈግፍጉ፣ የወደቀውንም አውጡ። ቀጥሎ ከኬሲንጉ ትንሽ የሚጠብ የጎማ ዲስክ ያለው ሰርጅ ብሎክ ወደላይና ወደታች እየገፋችሁ ውሃውን በስክሪኑ ቀዳዳዎች አስገቡና አስወጡ። ከስክሪኑ በላይ፣ በዝግታ ጀምሩ፤ በተደፈነ ስክሪን ላይ ኃይለኛ መምጠጥ ፕላስቲኩን ሊያደቅቀው ይችላል። የወጣውን ደለል በኮምፕረሰር አየር አውጡ፣ ከዚያ ኬሚካሉን በቱቦ እስከ ስክሪኑ አድርሱና ደግማችሁ ግፉ።

ለባክቴሪያ ክሎሪን ነው። 150 ሚሊ ሜትር ኬሲንግ በሜትር ወደ 18 ሊትር ይይዛል፤ 30 ሜትር ውሃ 530 ሊትር ገደማ ነው። ለ200 ሚሊ ግራም በሊትር 65 በመቶ የክሎሪን ዱቄት 160 ግራም ያህል ይበቃል፤ ጠጠሩ ውስጥ ላለው ውሃ ጨምሩበት። በባልዲ በጥብጡት እንጂ ዱቄቱን እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ አትጣሉት።

ለካርቦኔት ሰልፋሚክ አሲድ ይመረጣል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3 በላይ ሲወጣ አሲዱ አልቋል። አሲድና ክሎሪን በፍጹም አይገናኙ፤ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። አሲዱ ካርቦኔቱን ሲያሟሟም ከአየር የሚከብድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፣ የፓምፑ ቤት በርም ክፍት ይሁን። የሚወጣውን ውሃ በኖራ ሳታለዝቡ አትልቀቁ። ፒኤቹ ወደነበረበት እስኪመለስ አጥቡ፣ ከዚያ ብቻ በ50 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን አሳድሩ፣ ደግማችሁ አጥቡና የባክቴሪያ ምርመራ ሳይወጣ ሰው አይጠጣው።

አሸዋ ይወጣል
ፓምፑ ሲነሳ ብቻ ከሆነ የሚወጣውን ውሃ በጌት ቫልቭ (በመውጫው ቧንቧ ላይ ባለው መዝጊያ) ቀንሱ። ከአሸዋው ጋር የጉድጓዱ ጠጠር ከመጣ ስክሪኑ ተሰብሯል፤ ሰርጅ ብሎክ ያባብሰዋል። በካሜራ አሳይታችሁ በአሮጌው ውስጥ ጠበብ ያለ አዲስ ስክሪን ማስገባት ነው።

ከጥገናው በኋላ ሦስቱን ልኬቶች ድገሙና ቀኑን ጨምራችሁ በፓምፑ ቤት መዝገብ ላይ ጻፉ።