የሶቪየትን የስለላ ልቦለድ ፕሮፓጋንዳውን እየለዩ ለማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ በተቋቋመባት በባሕር ዳር፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ የሶቪየት የስለላ ልቦለድ ቢያገኙ አይለፉት፤ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እርሳስ ይዘው ያንብቡት።

በመጀመሪያ ታሪኩን ሳያቋርጡ ይጨርሱት፤ ልብ የማይሰቅል ፕሮፓጋንዳ ማንንም አያሳምንምና፣ ልብዎ የት ላይ እንደተሰቀለ ማወቅ ግድ ነው። ከዚያ እውነቱን ከፈጠራው ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 በ12 ክፍል ለቴሌቪዥን የቀረበው የሶቪየቱ ደራሲ የዩሊያን ሴምዮኖቭ «አሥራ ሰባት የጸደይ ቅጽበቶች»፣ የናዚው ጄኔራል ካርል ቮልፍ በ1945 ከአሜሪካዊው የስለላ ሹም አለን ደለስ ጋር በስዊዘርላንድ ያደረገውን ድርድር መነሻ ያደርጋል። ድርድሩ በእርግጥ ተካሂዷል፤ የኤስ.ኤስ. (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ኃይል) መኮንን መስሎ ለሶቪየት የሚሰልለው ሽቲርሊትዝ ግን የደራሲው ፍጡር ነው። እውነተኛ ስምና ቀን ልብ ወለዱን ጀግና ተሸክመው ወደ አንባቢው እምነት ያስገቡታል፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ስያሜዎቹን ያስምሩባቸው። ሩሲያኛ የወገንን ሰላይ «ራዝቬድቺክ»፣ የጠላትን «ሽፒዮን» ይላል፤ የመጀመሪያው የቃኚ ወታደርን ክብር፣ ሁለተኛው ነውርን ያዘለ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ሰላይ» ብሎ እንደሆነ ወይም ለአንደኛው ማዕረግ ሰጥቶ እንደሆነ ያስተውሉ።

በመጨረሻም የተዘለለውን ይፈልጉ፤ የጀግናው መሥሪያ ቤት የገዛ ዜጎቹን ሲሰልል የሚታይበት ገጽ አለ ወይ? የደርግን ዘመን ያዩ አባት ወይም እናት አጠገብዎ ካሉ፣ አንድ ምዕራፍ ያንብቡላቸውና በየትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ፊታቸው እንደተለወጠ ምልክት ያድርጉ።