ባሕር ማዶ ኖረው አገር ቤት መጽሐፍ ለሚያሳትሙ

መጽሐፍ ጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ሊያሳትሙ ከሆነ፣ ማተሚያ ቤት ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ፓስፖርትዎ የየት አገር ነው? የቅጅ መብትዎ፣ ማለትም ሌላ ሰው መጽሐፍዎን ያለ ፈቃድዎ እንዳያባዛ የሚከለክለው መብት፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በሥራ ላይ ያለው ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የኢትዮጵያ ዜጋ የሆነን ወይም ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነን ደራሲ ሥራ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ሪያድ ወይም ቤይሩት የሚኖሩ ከሆነ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ዜግነት የወሰዱ ግን ቆም ብለው ያስቡ። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ቤት ያስገዛል፤ ዜግነት ግን አይደለም።

ለእነዚህ ደራሲዎች አዋጁ ሌላ በር ከፍቷል። ሥራው መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታተመ፣ ወይም ውጭ አገር በታተመ በ30 ቀናት ውስጥ ኢትዮጵያም ውስጥ ከታተመ፣ የደራሲው ዜግነት አይጠየቅም። ስለዚህ መጽሐፉን ለእንቁጣጣሽ ዋሽንግተን ላይ አስመርቆ «ለገና አገር ቤት እልከዋለሁ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ታተመ የሚባለውም ለዘመድ አዝማድ ጥቂት ቅጂ ስለተላከ ሳይሆን፣ በቂ ቅጂ ለሕዝብ ሲቀርብ ነው። የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝና ለመጻሕፍት መደብር ያስረከቡበት ቀን ያለበትን ወረቀት አይጣሉ።

ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በወረቀት ወይም በሌላ በሚዳሰስ ነገር ላይ ከሰፈረ መብቱ ያኔውኑ ይገኛል። ሆኖም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል፤ እኔ ብሆን አስመዘግባለሁ።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ከሌባ ይልቅ ከወኪል ነው። ለአክስት ልጅ በስልክ «አንተ ጨርሰው» ይባላል፤ እሱ ደግሞ ከአሳታሚው ጋር በቃል ይስማማል። አዋጁ ግን የኢኮኖሚ መብትን፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶና ሸጦ የመጠቀም መብትን፣ ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ጠቅላላ ውክልና ይበቃል ብለውም አይዘናጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመክሰስ፣ ለመከሰስና በእርቅ ለመጨረስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ውል መፈረም፣ ገንዘብ መቀበል፣ ክስ መመሥረት፣ መታረቅ የሚሉትን አንድ በአንድ ያስጽፉ። የመጽሐፉንም ርእስ አይርሱ። ሰነዱ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ ይላካል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። መብት የመሸጥና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣንን ለአንድ ሰው ባይሰጡ ይሻላል። ዘመድ ቅር ይለው ይሆናል፤ ይበለው።

የሟች አባትዎን ድርሰት እንደገና ለማሳተም የሚያስቡም ይኖራሉ። የቅጅ መብት በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጸና ለወራሾች ያልፋል። ወንድሞችና እህቶች በሦስት አህጉር ከተበተናችሁ፣ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጡና ሁላችሁም ለአንድ ወኪል ፈርሙ። አሳታሚ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ወረቀት ነው፤ አንድ ፊርማ ጎድሎ ከተገኘም ሥራው እዚያው ይቆማል።