ሪሞት ዴስክቶፕ ሙሉ ስክሪን ላይ ሲጠቁር፣ ሲንቀራፈፍ ወይም አላስወጣ ሲል

በትንሽ መስኮት ደህና ሲሠራ የቆየ ሪሞት ዴስክቶፕ (ወዲያ ማዶ ያለን ሌላ ኮምፒውተር ከራስዎ ኮምፒውተር ሆነው የሚያሠሩበት ፕሮግራም) ሙሉ ስክሪን ሲደረግ ብቻ ጠባዩን የሚቀይርበት ጊዜ አለ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል። ወይም ምስሉ ይመጣል፣ ማውሱም ይንቀሳቀሳል፣ ኪቦርዱ ግን አይታዘዝም። ወይም የራስዎ ኮምፒውተር ፓነል በወዲያኛው ኮምፒውተር ታስክባር ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። ወይም ሁሉም ደህና ሆኖ መውጫው ይጠፋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትዎርኩን ነው። ችግሩ የሚታየው ሙሉ ስክሪን ላይ ብቻ ከሆነ ግን ኔትዎርኩ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የሚገኘው እፊትዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሪሞት ፕሮግራሙና የዴስክቶፕ ኢፌክቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ስክሪኑ የማን እንደሆነ አልተስማሙም።

መጀመሪያ መውጫውን ይወቁ

ምንም ከመነካካትዎ በፊት ከሙሉ ስክሪን የሚያስወጡትን ቁልፎች ይያዙ። በዊንዶውስ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም ኮንትሮል፣ ኦልትና ብሬክ አብረው ሲጫኑ ወደ መስኮት ይመለሳል። ብሬክ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ኮንትሮል፣ ኦልትና ሆም ይጫኑ፤ ከላይ ያለችው የግንኙነት አሞሌ ትወርዳለች፣ ከእሷ ላይ ማሳነስ ይቻላል። ይህም ካልሠራ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ምንጊዜም የሚሄደው ለራስዎ ኮምፒውተር ስለሆነ ከዚያ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው ፕሮግራሙን ይዝጉ። ለወዲያኛው ኮምፒውተር እነዚሁን ሦስት ቁልፎች መላክ ሲፈልጉ በዲሊት ምትክ ኤንድን ይጠቀሙ።

በሊኑክስ ላይ አርዴስክቶፕም ሆነ ኤክስፍሪአርዲፒ የተባሉት የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በኮንትሮል፣ ኦልትና ኢንተር ይወጣሉ። ሌላው ፕሮግራም ሬሚና ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን ኮንትሮል ከኤፍ ጋር ይፈልጋል፤ የግራው አይሠራም፣ ብዙዎችም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ሁሉም እምቢ ካለ በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 ወደ ጽሑፍ ስክሪኑ ሄደው፣ በስምዎ ገብተው፣ ፒኪል በሚለው ትዕዛዝ ፕሮግራሙን ይግደሉት። ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ከሆነ የከፈቱት ሥራ አይጠፋም፤ ግንኙነቱ ብቻ ይቋረጣል፣ ሲመለሱም እንደተዉት ያገኙታል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

ሦስት ሙከራ በቂ ነው። አንደኛ፣ ግንኙነቱን በ1280 በ720 መስኮት ይክፈቱ። ሁለተኛ፣ መስኮቱን ሙሉ ስክሪን ሳያደርጉ ብቻ እስከ ዳር ድረስ ያስፉት። ሦስተኛ፣ ሙሉ ስክሪን ያድርጉት። ዝግታው መስኮቱ በሰፋ ቁጥር ቀስ በቀስ የሚጨምር ከሆነ ጉዳዩ የሚተላለፈው የምስል ብዛት ነው። በሁለተኛው ደህና ሆኖ በሦስተኛው ላይ በድንገት ከተበላሸ ጉዳዩ ኮምፖዚተሩ ነው። በመጀመሪያውም ጥቁር ከሆነ የራስዎን ኮምፒውተር ይተዉትና ወዲያኛውን ይመልከቱ።

ኮምፖዚተር የሚባለው ጥላውን፣ ብርሃን አስተላላፊውን መስኮት፣ የሚዞረውን ኪዩብ የሚሠራው ክፍል ነው። እሱ ባለበት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አይሥሉም። እያንዳንዱ መስኮት በሜሞሪ ውስጥ ለብቻው ይሣላል፣ ኮምፖዚተሩ ሁሉንም ደራርቦ አንድ ምስል አድርጎ ያወጣል። አንድ መስኮት ስክሪኑን በሙሉ ሲሸፍን ግን መደራረቡ ከንቱ ድካም ስለሚሆን ብዙዎቹ ኮምፖዚተሮች ገለል ብለው ለመስኮቱ ስክሪኑን በቀጥታ ይለቁለታል። ለጨዋታና ለቪዲዮ ጥሩ ነው። ችግሩ ርክክቡ ላይ ነው፤ አንዳንድ የግራፊክስ ድራይቨር በዚያች ቅጽበት ጥቁር ስክሪን ወይም የቆመ አሮጌ ምስል ጥሎ ይቀራል። ሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ብቻ ነው እንደገና የሚሥለው፤ ስለዚህ ጨዋታ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ራሱን አድሶ የሚሸፍነውን ስሕተት ሪሞት ዴስክቶፕ እንዳለ ያሳይዎታል። ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ ብቻ ምስሉ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እየሆነ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስክሪኑ ሲጠቁር ወይም ሲቆም

ግምትዎን ለማረጋገጥ ኮምፖዚተሩን ለጊዜው ያጥፉ። በሊኑክሱ ዴስክቶፕ በኬዲኢ ፕላዝማ 5፣ በኤክስ 11 (በቆየው የሊኑክስ የስክሪን ሥርዓት) ላይ ከሆኑ፣ ኦልት፣ ሺፍትና ኤፍ 12 ያጠፉታል፣ ድጋሚ ሲጫኑ ይመልሱታል። በሌላው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በኤክስኤፍሲኢ፣ ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ ውስጥ ኮምፖዚተር በሚለው ታብ የመጀመሪያውን ምልክት ያንሱ። ጥቁሩ ስክሪን ወዲያው ከበራ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕና ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ባሉት ዊንዶውሶች ኮምፖዚተሩ የዴስክቶፑ አካል ስለሆነ አይጠፋም፤ ኤክስ 11ን በተካው ሥርዓት በዌይላንድ ላይም እንዲሁ። እዚያ መስኮቱን ሙሉ ስክሪን ሳያደርጉ ማስፋት ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል።

ኮምፖዚተሩን ለዘለቄታው አጥፍቶ መኖር ግን አያስፈልግም። መጥፋት ያለበት ያ ገለል የማለት ልማዱ ብቻ ነው። ኮምፒዝ በሚባለው የሊኑክስ ኮምፖዚተር የሴቲንግ ማኔጀር ውስጥ ኮምፖዚት የሚለውን ከፍተው «አንሪዳይሬክት ፉልስክሪን ዊንዶውስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። በኤክስኤፍሲኢ እዚያው ታብ ላይ «ዲስፕሌይ ፉልስክሪን ኦቨርሌይ ዊንዶውስ ዳይሬክትሊ» የሚለውን ያንሱ። በፕላዝማ 5 የኮምፖዚተር ሴቲንግ ላይ አፕሊኬሽኖች ኮምፖዚቲንግን እንዲያግዱ የሚፈቅደውን ይከልክሉ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ስክሪን ጨዋታ ትንሽ ሊከብድ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ በዋናነት ለሥራ ከሆነ ልዩነቱ አይታወቅም።

በዊንዶውስ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም ላይ ጥቁሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከመግባትዎ በፊት ሾው ኦፕሽንስን ከፍተው፣ ኤክስፒሪየንስ ታብ ላይ «ፐርሲስተንት ቢትማፕ ካሺንግ» የሚለውን አንስተው ይሞክሩ። በኤክስፍሪአርዲፒ ማስነሻ ትዕዛዝ ላይ ስላሽ ጂኤፍኤክስ የሚለውን ጨምረው ከሆነ ያውጡት።

ጥቁሩ ስክሪን በትንሽ መስኮትም የሚታይና ወዲያኛው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1903 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። ያ ቨርዥን ለሪሞት ግንኙነት አዲስ ዓይነት የግራፊክስ ድራይቨር ይዞ ስለመጣ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ጥቁር ስክሪን ያስከትላል። ወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተርን (የዊንዶውስ መመሪያዎች የሚቀየሩበትን ፕሮግራም) ከፍተው፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሥር ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ ከዚያ ሪሞት ሴሽን ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ይግቡ። «ደብሊውዲዲኤም» የሚል ስም ያለበትን መመሪያ ዲሴብልድ አድርገው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ።

ፓነሉ ከላይ ሲቀመጥ፣ ኪቦርዱ ሲያምፅ

እንደ አርዴስክቶፕ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች ሙሉ ስክሪን ሲሆኑ የመስኮት አስተዳዳሪውን አስፈቅደው አይደለም፤ አልፈውት ነው የሚሄዱት። እሱም መስኮቱን ስለማያውቀው ፓነሉን አይደብቅለትም፣ ኪቦርዱንም አይሰጠውም። ኮምፒዝ ለዚህ ወርክአራውንድስ በሚለው ፕለጊን ውስጥ «ሌጋሲ ፉልስክሪን ሰፖርት» የሚል ምርጫ አለው፤ ያብሩት።

እኛ ከዚህ የምንመርጠው ግን ሙሉ ስክሪንን ጨርሶ መተው ነው። ስክሪኑን የሚያህል፣ ጠርዝና ርእስ የሌለው ተራ መስኮት ይክፈቱ። በአርዴስክቶፕ ማስነሻ ትዕዛዝ ላይ ሰረዝና ትንሹ ጂ መጠኑን ይወስዳሉ፣ ሰረዝና ትልቁ ዲ ጠርዙን ያጠፋሉ፣ ሰረዝና ትልቁ ኬ ደግሞ የዴስክቶፕዎ የቁልፍ አቋራጮች በእጅዎ እንዲቀሩ ያደርጋሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፣ ይጠንቀቁ። በኤክስፍሪአርዲፒ ስላሽ ኤፍን አውጥተው ስላሽ ወርክኤሪያን ይተኩ፤ ፓነሉ የተወውን ቦታ ለክቶ ይሞላዋል። መልኩ ሙሉ ስክሪን ነው ሊባል ምንም አይቀረው፤ ለኮምፖዚተሩ ግን ተራ መስኮት ስለሆነ ርክክብ የሚባል ነገር የለም።

ኦልትና ታብ ሲጫኑ የሚቀያየሩት የየትኛው ኮምፒውተር መስኮቶች እንደሚሆኑ የሚወስነው በዊንዶውስ ፕሮግራም ሎካል ሪሶርስስ ታብ ላይ ያለው የኪቦርድ ምርጫ ነው። ሦስት ነው፦ እዚህ፣ እዚያ፣ ወይም ሙሉ ስክሪን ሲሆን ብቻ እዚያ። በሬሚና ኪቦርዱን ጠቅልሎ የሚይዝ ቁልፍ መሣሪያ አሞሌው ላይ አለ። ኖም በዌይላንድ ላይ ሲሆን ፕሮግራሙ አቋራጮቹን እንዲወስድ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ ሳያነቡ እምቢ ካሉ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ የራስዎን ዴስክቶፕ እንጂ ወዲያኛውን አይከፍትም። ፈቅደው ከሆነ ደግሞ ይኸው ቁልፍ ከኢስኬፕ ጋር ሲጫን አቋራጮቹን ያስመልሳል።

ማውሱም ወጥመድ አለው። ኮምፒዝ ማውሱ የስክሪኑን ዳር ሲነካ ወደ ሌላው ዴስክቶፕ እንዲዘዋወር ከተደረገ ቀኝ ዳር ያለውን ስክሮል ባር ሊይዙ ሲሉ ኪዩቡ ይዞርብዎታል። ኤጅ ፍሊፕ ፖይንተር የሚለውን ያጥፉ። በፕላዝማም ስክሪን ኤጅስ ውስጥ ማእዘኖቹን ባዶ ያድርጓቸው።

ሲንቀራፈፍ

1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በ32 ቢት ቀለም አንድ ምስሉ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፎርኬ ስክሪን ላይ 33 ሜጋባይት ይሆናል። ፕሮቶኮሉ ጨምቆ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ ጽሑፍ ሲጽፉ ይህ ሁሉ አይሄድም። ወዲያኛው ዴስክቶፕ ላይ መስኮት እየደበዘዘ ሲዘጋ ወይም ሜኑ እየተንሸራተተ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ምስል ነው። ስለዚህ የራስዎን ኢፌክት ሳይሆን የወዲያኛውን ያጥፉ። በኤክስፒሪየንስ ታብ ላይ የዴስክቶፕ ምስሉን፣ የሜኑና የመስኮት እንቅስቃሴውን፣ ሲጎተት ይዘቱን ማሳየትን ያንሱ። ፎንት ስሙዚንግን ይተዉት፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ያለ እሱ ጽሑፍ ማንበብ ዓይን ያደክማል። በኤክስፍሪአርዲፒ ሰረዝ ዎልፔፐርና ሰረዝ ቲምስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ፈጣን ሆኖ ሳለ በየጥቂት ደቂቃው ምስሉ የሚደርቅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ በፖርት 3389 ላይ ከቲሲፒ ሌላ ዩዲፒም (ሁለቱም መረጃ የሚላክባቸው መንገዶች ናቸው) ይጠቀማል፤ በአንዳንድ ቪፒኤን ውስጥ ዩዲፒው ይደነቃቀፋል። በራስዎ ዊንዶውስ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን ክላየንት ሥር «ተርን ኦፍ ዩዲፒ ኦን ክላየንት» የሚለውን ኢኔብልድ አድርገው እንደገና ይገናኙ።

የሚጠቀሙት ቪኤንሲ የተባለው ሌላ የሪሞት ዴስክቶፕ ዓይነት ከሆነ ሁኔታው ይለያል፤ እሱ የሚልከው ወዲያኛው ስክሪን ላይ ያለውን ምስል እያነበበ ነው። እዚያ ኮምፒዝ ካለና ኤክስ 11 ቪኤንሲ የተባለው ምስሉን የሚልከው ፕሮግራም ለውጡን ሳያይ የሚያልፍ ከሆነ ሰረዝ ኖኤክስዳሜጅ የሚለውን ጨምረው ያስነሡት። ስክሪኑን እየዞረ ስለሚፈትሽ ይዘገያል፣ ግን ለውጡን አይስትም።

ከሁለት ስክሪን በላይ ሲሆን

ሦስት ሞኒተር ኖሮዎት ሁለቱን ብቻ መስጠት ከፈለጉ በዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ ዩዝ ኦል ማይ ሞኒተርስ የሚለው ምርጫ አይበቃም። ራን ውስጥ ኤምኤስቲኤስሲ (የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም ማስነሻ ስም) ብለው ስላሽ ኤል ሲጨምሩ የየሞኒተሩ ቁጥር በዝርዝር ይወጣል። ግንኙነቱን አንድ ጊዜ በፋይል ያስቀምጡና ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተው፣ ሰሌክትድ ሞኒተርስ በሚል መስመር ላይ ቁጥሮቹን በኮማ ለይተው ይጻፉ። ዩዝ መልቲሞን የሚለው መስመርም 1 መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ዝርዝሩ አይነበብም።

በዚሁ ፋይል ውስጥ ስክሪን ሞድ የሚል መስመር አለ። መጨረሻው ላይ 2 ካለ ሙሉ ስክሪን፣ 1 ካለ መስኮት ማለት ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ጥቁር ስክሪን ላይ እየገባ ሴቲንጉን ለመቀየር ፋታ ካልሰጠዎት 2ቱን 1 አድርገው ፋይሉን ያስቀምጡ። ለብቻው ያስቀመጡት ፋይል ከሌለ ዶክዩመንትስ ውስጥ ዲፎልት የሚባል የተደበቀ ፋይል አለ፤ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት ሲያበሩ ይወጣል።