ትልቁ የጋራ አካፋይና ትንሹ የጋራ ብዜት፦ በዝምድናቸው ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሁለት ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ (ት.ጋ.አ) በትንሹ የጋራ ብዜታቸው (ት.ጋ.ብ) ሲባዛ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኘውን ውጤት ይሰጣል። ለምሳሌ የ12 እና የ18 ት.ጋ.አ 6፣ ት.ጋ.ብ ደግሞ 36 ነው፤ 6 × 36 = 216፣ 12 × 18ም 216 ነው። ተማሪዎች ይህን ቀመር በቃላቸው ይይዙታል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ጉድለት ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት ርቢን (በ2³ ላይ ከፍ ብሎ እንደተጻፈው 3 ያለውን) መዘንጋት ነው። 72 = 2³ × 3²፣ 120 = 2³ × 3 × 5 ብሎ በትክክል የተነተነ ተማሪ፣ "የጋራቸው 2 እና 3 ስለሆኑ ት.ጋ.አ 6 ነው" ብሎ ያቆማል። እያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር (እንደ 2፣ 3 እና 5 ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለውን) ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል። ከሁለቱ ርቢዎች ትንሹ ወደ ት.ጋ.አ፣ ትልቁ ወደ ት.ጋ.ብ ይሄዳል። የ2 ርቢ በሁለቱም ውስጥ 3 ስለሆነ ለሁለቱም 2³ ይደርሳቸዋል። የ3 ርቢ በ72 ውስጥ 2፣ በ120 ውስጥ 1 ነው፤ ስለዚህ ት.ጋ.አ 3ን፣ ት.ጋ.ብ 3²ን ይወስዳል። 5 በ72 ውስጥ ስለሌለ የሚገባው በት.ጋ.ብ ብቻ ነው። ውጤቱ 24 እና 360 ይሆናል።

የቀመሩ ምክንያትም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ርቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ት.ጋ.አ፣ ሌላው ወደ ት.ጋ.ብ ሲሄድ የሚቀርም የሚደገምም የለም። ስለዚህ 24ን በ360 ስናባዛ መልሰን 72 × 120ን፣ ማለትም 8640ን እናገኛለን። ይህ የገባው ተማሪ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

ሌላው ስህተት ቁጥሮቹን አባዝቶ ውጤቱን ት.ጋ.ብ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ በዓላትና አጽዋማት ከሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ከባሕረ ሐሳብ፣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በባሕረ ሐሳብ ዕለት (በ7 የሚዞረው የሳምንት ቀን) እና ወንጌላዊ (በ4 ዓመት የሚዞረው የዓመቱ ስያሜ) በ28 ዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። አበቅቴ (በ19 ዓመት የሚዞረው የጨረቃ ስሌት ቁጥር) እና ወንጌላዊ በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህ ዐውደ ማኅተም ነው። ሦስቱም የሚገናኙበት ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። 28ን በ76 ያባዛ ሰው ግን 2128 ዓመት ያገኛል። ይህም የጋራ ብዜት ነው፤ ትንሹ ግን አይደለም። የሁለቱ ት.ጋ.አ 4 ስለሆነ 2128ን ለ4 ማካፈል ነበረበት፤ ያን ጊዜ 532 ይመጣል። ማባዛት ብቻውን የሚበቃው እንደ 28 እና 19 ት.ጋ.አቸው 1 ሲሆን ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቀመሩን ወደ ሦስት ቁጥሮች መውሰድ ነው። 19፣ 28 እና 76ን እንያቸው። ሦስቱንም የሚያካፍል ከ1 ሌላ ቁጥር የለም፤ ት.ጋ.አ 1 ነው። የሁለቱን ቀመር እዚህ ያመጣ ሰው ት.ጋ.ብ 19 × 28 × 76 = 40432 ነው ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን ያው 532 ነው። ምክንያቱን ከርቢዎቹ ማየት ይቻላል፦ ርቢዎቹ ሦስት ሲሆኑ ትንሹ ወደ ት.ጋ.አ፣ ትልቁ ወደ ት.ጋ.ብ ይሄዳል፤ መካከለኛው ግን የትም አይገባም። የ2 ርቢዎች በቅደም ተከተል 0፣ 2፣ 2 ናቸው፤ መካከለኛው 2 ሲቀር 4 ይጎድላል። የ19 ርቢዎች 1፣ 0፣ 1 ናቸው፤ ከእነሱም 19 ይጎድላል። የ7 መካከለኛ ርቢ 0 ስለሆነ ምንም አያጎድልም። 4 × 19 = 76፣ 40432 ÷ 76 ደግሞ 532። የጎደለው ሁሉ ተገኘ ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ሲሰጣችሁ በመጀመሪያ የሁለቱን ት.ጋ.ብ አውጡ፤ ከዚያ የዚያን ውጤትና የሦስተኛውን ቁጥር ት.ጋ.ብ አውጡ። ሦስቱን አባዝቶ ማቆም የሚቻለው እንደ 4፣ 7 እና 19 ማናቸውም ጥንዶች ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ሳይኖራቸው ሲቀር ብቻ ነው።

ጥያቄው ተገልብጦ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። "ት.ጋ.አ 6፣ ት.ጋ.ብ 72 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልግ" ሲባል 6 × 72 = 432 ብሎ፣ ሲባዙ 432 የሚሆኑትን 12 እና 36ን መልስ ማድረግ ይለመዳል። የእነሱ ት.ጋ.አ ግን 12 ነው። ቁጥሮቹን 6 × ሀ እና 6 × ለ ብላችሁ ጻፉ፤ ሀ × ለ = 12 ይሆናል፤ ሀ እና ለ ደግሞ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው አይገባም። 1 እና 12፣ ወይም 3 እና 4 ይሆናሉ፤ 2 እና 6 ይወድቃሉ። መልሶቹ 6 እና 72፣ 18 እና 24 ናቸው። ጥያቄ የምታወጡ መምህራንም አደራ፦ ት.ጋ.አ ምንጊዜም ት.ጋ.ብን ያለ ቀሪ ያካፍላል። 8 እና 60 ብላችሁ ከሰጣችሁ መልስ የሚሆን ጥንድ የለም።

ፕሮግራም ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከማባዛት በፊት አካፍሉ። የ60000 እና የ48000ን ት.ጋ.አ በዩክሊድ ዘዴ ለማግኘት ሁለት እርምጃ ይበቃል፦ 60000 ለ48000 ሲካፈል ቀሪው 12000፣ 48000 ለ12000 ሲካፈል ቀሪው 0፤ ስለዚህ ት.ጋ.አ 12000 ነው። ቀድማችሁ ካባዛችሁ 2,880,000,000 ይመጣል፤ አሉታዊ ቁጥርንም የሚይዝ የ32 ቢት ኢንቲጀር ግን ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም፤ መልሱ ይበላሻል። 60000 ÷ 12000 = 5፣ ከዚያ 5 × 48000 = 240000 ብትሉ ግን በቦታው በቀላሉ ይገባል።