የፎር ዊል መኪና ትራንስፈር በቤት ግቢ እንዴት ይቀየራል?

ትራንስፈር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ተቀምጦ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል ነው። ጎንደር ዙሪያ ሥራው ብዙ ነው፤ ክረምት ላይ በደምቢያ ዋልካ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ፎር ሎው (ዝግተኛውና ጉልበተኛው የፎር ዊል ማርሽ) ሲገባ። ከጭቃውም ከቁልቁለቱም ይበልጥ የሚጎዳው ግን በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት ነው። በብዙዎቹ ፒካፖች ትራንስፈር ውስጥ መካከለኛ ዲፈረንሻል (ሁለቱ ሻፍቶች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል ክፍል) ስለሌለ የፊቱና የኋላው ሻፍት እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያካክሳል፤ አስፋልት ላይ መውጫ ስለሌለው ጫናው ማርሹና ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

ምንም ከመፍታትዎ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የትራንስፈሩ መሆኑን ይወቁ። የላላ ክሮቼራ (የሻፍቱ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) የማርሽ መሰበር የሚመስል ድምፅ ያሰማል። የፊት ፍሪዊል (የፊት ጎማውን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ) ካልያዘም ፎር ዊሉ የሞተ ይመስላል። ከትራንስፈሩ ትንሽ ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይቅዱ። ማግኔት ባለው ቡሎን ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ቢኖር የተለመደ ነው። የብረት ቁርጥራጭ ካለ ግን፣ ወይም ፎር ሎው እየነዱ በራሱ የሚወጣ ከሆነ፣ መቀየሩ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ልፋት የሚያድነው ትክክለኛውን ዕቃ መግዛት ነው። ያገለገለ ትራንስፈር ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ አስጭነው ከሆነ፣ ካልገጠመ ለመመለስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ሻጩ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ፤ የመግቢያው ሻፍት ጥርሶች ብዛት፣ የፊቱ ሻፍት መውጫ በግራ ይሁን በቀኝ፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳ አቀማመጥ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በገመድ ይሁን በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ከእርስዎ መኪና ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አዲስ ፓራሊዮ (በሻፍቱ ዙሪያ ዘይት የሚይዝ ጎማ) እና ጓርኒሲዮንም (በሁለት ፊቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አብረው ይግዙ፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

አሁን ወደ ግቢው። ጎንደር ተዳፋት የበዛባት ከተማ ናት፤ ግቢዎ ዘንበል ካለ ሥራውን እዚያ አይጀምሩ፣ ሜዳ ቦታ ያለው ጎረቤት ይጠይቁ። ይህን አጥብቄ የምለው የኋላው ፕሮፔለር ሻፍት (ጉልበቱን ወደ ጎማዎቹ የሚወስደው ረጅም ዘንግ) ከተፈታ በኋላ ማርሽ ውስጥ የገባ መኪና እንኳ ስለማይያዝ ነው። እንደ አሮጌው ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉት ደግሞ ፍሬኖ አማኖው (የእጅ ፍሬኑ) ራሱ ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ስለሚገኝ ሻፍቱ ሲወጣ እሱም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ለአራቱም ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ ያድርጉ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ሻንሲውን ጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። መሬቱ አፈር ከሆነ ከመቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጣውላ ይንጠፍ። ብቻዎን አይሥሩ፤ አጠገብዎ የሚቆም ሰው ይኑር።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ዘይቱን ሲያወጡ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ይፍቱ። የታችኛውን አስቀድመው አፍስሰው የላይኛው እምቢ ካለ፣ መሙያ የሌለው ባዶ ትራንስፈር ይዘው ይቀራሉ።

ቀጥሎ ፕሮፔለር ሻፍቶቹ ይወጣሉ፤ በቶዮታ ቡሎኖቹ በአብዛኛው 14 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳሉ። ከመፍታትዎ በፊት ሻፍቱና የሚገጥምበት ፍላንጅ (ቡሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ። መልሰው ሲገጥሙ መስመሩ ካልተገናኘ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የማርሽ ዘንጉን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን፣ የቆጣሪውን ገመድና የመተንፈሻውን ቱቦ ሲነቅሉ እያንዳንዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

ከዚያ ካምቢዮውን ከሥር በእንጨትና በክሪክ ደግፈው ተሸካሚውን መስቀለኛ ብረት ይፍቱ። ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ቬንቲሌተሩ ራዲያተሩን እንዳይነካና ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ ረዳትዎ ከላይ ይመልከት። ብዙዎቹ ትራንስፈሮች ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ በደረት ተቀብሎ ለማውረድ አይሞክሩ። ሁለተኛ ክሪክ ላይ ጣውላ አድርገው በገመድ ይጠፍሩት፣ ቡሎኖቹን ፈትተው ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። ከተጣበቀ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ፤ በካቻቢቴ መፈልቀቅ የሚገጣጠመውን ፊት ይጭራል፣ ከዚያ ዘይት መፍሰሱ አይቀርም። ሱዙኪ ሳሙራይ ያላቸው ዕድለኞች ናቸው፤ የእነሱ ትራንስፈር ከካምቢዮው ተለይቶ በአጭር ሻፍት ስለሚገናኝ ሥራው በጣም ይቀላል።

አዲሱን ሲገጥሙ ፊቶቹ ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ፣ የካምቢዮው የኋላ ፓራሊዮም ይቀየር። ጥርሶቹ እምቢ ካሉ የኋላውን ፍላንጅ በእጅ እያዞሩ ይግፉ። በቡሎን እየሳቡ ማስገባት ጥርሱን ወይም ቤቱን ይሰብራል፤ ሁለቱ ፊቶች በእጅ ግፊት ብቻ ሲገናኙ ነው ቡሎን የሚጠብቀው። በሰያፍ፣ በየተራ፣ የመኪናው ማኑዋል በሚያዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ።

ዘይት ሳይሞሉ ሞተር አያስነሡ። ማርሽ ለማርሽ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ይወስዳሉ፤ ሰንሰለት ካላቸው አንዳንዶቹ ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋሉ። የእርስዎ የትኛውን እንደሆነ ከማኑዋሉ ይመልከቱ። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ሆኖ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ በቂ ነው።

ሙከራው በአፈር መንገድ ይሁን፤ በአዘዞ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተው አይሞክሩ። መጀመሪያ በሁለቱ ጎማ ቀስ ብለው ይንዱ፣ ከዚያ ፎር ሃይ (ፈጣኑ የፎር ዊል ማርሽ)፣ ከዚያ መኪናውን አቁመው ፎር ሎው። ዳሽቦርዱ ላይ የፎር ዊሉ ምልክት መብራቱንና ማርሹ በራሱ አለመውጣቱን ይዩ። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ ከመውጣትዎ በፊት ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ይንዱበትና ከሥር ገብተው የፕሮፔለር ሻፍቶቹን ቡሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ የዘይቱንም ልክ ይመልከቱ።