እንክርዳዱን ከስንዴው፦ ተቀራራቢ ቫይረሶችን የሚለይ ምርመራ ስትሠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ስንዴ ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጠጠር ማውጣት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው እንክርዳዱ ነው፤ መልኩም መጠኑም ስንዴ ይመስላል። ትንኝ የምታስተላልፋቸው ደንጌ፣ ዚካ፣ ቢጫ ወባና ዌስት ናይልም እንዲሁ ናቸው። አራቱም ፍላቪቫይረስ የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ እነዚህን የሚለይ ምርመራ ለመሥራት ለምታስቡ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ፦ የምርመራ ኪቱን በጤነኛ ሰው ደም ብቻ ማመሳከር።

የደንጌ በሽተኛ ደም ይቀርባል፣ የጤነኛ ሰው ደም ይቀርባል፣ ኪቱ ሁለቱን ይለያል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ይሄ ግን ጠጠር ብቻ ለቅሞ እህሉ ጠራ እንደማለት ነው። እንክርዳዱን አምጡ! የዚካ፣ የዌስት ናይልና የቢጫ ወባ በሽተኞችን ደም ጨምሩ። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰዱ ሰዎችንም አትተዉ። የተከተበ ሰው ደንጌ ይዞት ባያውቅም፣ በክትባቱ ያፈራው አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን) በደንጌ ኪት ላይ የፖዘቲቭ መስመር ሊያወጣ ይችላል። የወባ በሽተኛ ደምም ያስፈልጋል። ዓባይ በረሃ ወርዶ ወይም መተከል ለሥራ ሄዶ በትኩሳት የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነውና። በነገራችን ላይ “ቢጫ ወባ” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ በሽታው ቫይረስ እንጂ ወባ አይደለም።

ሁለተኛው፦ ሙሉውን የኤንቨሎፕ ፕሮቲን የአንቲቦዲ ማጥመጃ ማድረግ። ይህ ፕሮቲን የቫይረሱ የውጭ ልብስ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ፊውዥን ሉፕ የምትባል ቁራጭ ግን በሁሉም ፍላቪቫይረሶች ላይ አንድ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ አንቲቦዲ ሌላውንም ይይዛል። የዚሁ ፕሮቲን ሦስተኛው ዶሜይን (ክፍል) ወይም ኤንኤስ1 የሚባለው ሌላ የቫይረሱ ፕሮቲን የተሻለ ይለያል፣ ፍጹም ባይሆንም። በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚያገኘው ምርመራ) ለምትሠሩ ደግሞ፦ ደንጌ ራሱ አራት ዓይነት ነው። ፕራይመራችሁ (ዘረመሉን ፈልጎ የሚይዘው አጭር ቁራጭ) አራቱንም መያዝ፣ ዘመዶቻቸውን ግን መተው አለበት።

ሦስተኛው፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን አለመጠየቅ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ ቫይረሱን በፒሲአር፣ ኤንኤስ1ን በኪት ማግኘት ይቻላል። ቀድሞ የሚወጣው አይጂኤም የሚባለው አንቲቦዲ የሚታየው ከአራተኛው አምስተኛው ቀን ወዲህ ነው። የእኛ ገበሬ ደግሞ ትኩሳት ሲጀምረው አይመጣም። ምች ነው ተብሎ መጀመሪያ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ቀኑንም በቁጥር አይነግራችሁም። “ሚካኤል ዕለት ጀመረኝ” ብሎ ለገብርኤል ከመጣ፣ ሰባት ቀን አልፎታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፒሲአር ኔጌቲቭ ቢል ደንጌ የለበትም ማለት አይደለም። ናሙና መቀበያ ቅጹ ላይ ለዚህ ቀን ቦታ ይኑረው።

አራተኛው፦ ቺኩንጉንያን መርሳት። ቤተሰቡ ሌላ ነው፣ አልፋቫይረስ ነው። በትኩሳት፣ በሽፍታና በመገጣጠሚያ ሕመም ግን ከደንጌ ጋር ይምታታል፤ ትንኟም ያቺው ኤደስ ናት። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በደንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በቺኩንጉንያ ታምሳለች።

አምስተኛው፦ “95 በመቶ ትክክል ነው” ብሎ ማረፍ። ካልታመሙት ውስጥ 95 በመቶውን በትክክል ኔጌቲቭ የሚል ኪት አለን እንበል። 1000 ሰው መረመርን፤ ደንጌ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። ከቀሩት 990 ውስጥ 50 የሚሆኑት በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። በሽታው ብርቅ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በደጋው ጎጃም፣ ከእውነተኛው ፖዘቲቭ የውሸቱ ይበልጣል።

የመጨረሻው የውጤት ወረቀቱ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ብቻ አትጻፉበት። “ፍላቪቫይረስ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልተለየም” የሚል ሦስተኛ መልስ ይኑረው። እንዲህ ያለው ናሙና ወደ ሪፈረንስ ላብራቶሪ ተልኮ በኒውትራላይዜሽን ምርመራ (የበሽተኛው አንቲቦዲ የትኛውን ቫይረስ እንደሚያከሽፍ በሚያሳየው) ይጣራል፤ ሕያው ቫይረስ ስለሚፈልግ ቀናት ይወስዳል። እስከዚያው ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ደንጌ ሊሆን እንደሚችል አውቃ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትሰጥም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉና። ቢጫ ወባ ሆኖ ከተረጋገጠ ደግሞ የቀበሌው ሰው በፍጥነት መከተብ አለበት።