የከተማን ለውጥ በሳተላይት ምስል እንዴት እንከታተል?

የሁለት ዓመታት ምስሎችን ጎን ለጎን አድርጎ «ከተማዋ ይህን ያህል ሰፋች» ማለት ቀላል ነው፤ የሚሳሳቱትም ብዙዎቹ እዚሁ ላይ ነው። ከዝናብ በኋላ አረንጓዴ የነበረ ማሳ በደረቁ ወቅት ገርጥቶ ሲታይ ቤት የተሠራበት ይመስላል። ስለዚህ ከምንም በፊት ደመና የማይበዛበት አንድ ወር ይምረጡ፤ በየዓመቱም የዚያኑ ወር ምስል ብቻ ይውሰዱ።

ረጅም ዘመን ለማየት አሜሪካ በተከታታይ ካመጠቀቻቸው የላንድሳት ሳተላይቶች የሚሻል የለም፤ ምስሎቻቸውም ከ2008 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነፃ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የመጠቀው በ1972 ቢሆንም የያኔው ምስል ደብዛዛ ነው፤ ከ1984 ላንድሳት 5 ቢጀምሩ ይሻላል። የላንድሳት ምስሎች በሚወርዱበት ድረ ገጽ፣ በኧርዝ ኤክስፕሎረር፣ ላይ አካውንት ከፍተው «ሌቭል 2» የሚለውን (የአየሩ ተጽዕኖ የተስተካከለበትን ምስል) ያውርዱ። የደመናውን ገደብ ከ10 በመቶ በታች አድርገው ምስል ካጡ ወደ 40 ከፍ ያድርጉት፤ አንድ ምስል ወደ 185 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ደመናው ከከተማው ርቆ ሊሆን ይችላል። ከሜይ 31 ቀን 2003 በኋላ የተነሱት የላንድሳት 7 ምስሎች መሣሪያው ስለተበላሸ ባዶ መስመሮች አሉባቸው። ላንድሳት 5 በ2011 መጨረሻ ሥራ አቁሞ ላንድሳት 8 የመጠቀው በ2013 ስለሆነ፣ 2012ን መዝለል ይሻላል።

ቀጥሎ ምስሉን በነፃ የካርታ ፕሮግራሙ በኪዩጂአይኤስ ይክፈቱና የእያንዳንዱን ባንድ (ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበውን የብርሃን ዓይነት) ቁጥር በ0.0000275 አባዝተው 0.2 ይቀንሱ። ከዚያ በፕሮግራሙ ማስሊያ፣ በራስተር ካልኩሌተር፣ የቅርብ ኢንፍራሬዱን ባንድ ከአጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱ (ሁለቱም ዓይን የማያያቸው ብርሃኖች ናቸው) ቀንሰው ውጤቱን ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ፤ ቤትና አስፋልት ከፍተኛ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ባንዶቹ (አጭር ሞገዱ መጀመሪያ) በላንድሳት 5 5 እና 4፣ በላንድሳት 8 እና 9 ደግሞ 6 እና 5 ናቸው። ይህን ይጠንቀቁ፦ በላንድሳት 8 ላይ የድሮውን 5 እና 4 ቢያስገቡ ፕሮግራሙ ምንም ስህተት አያሳይም፤ የሚያወጣልዎ ግን የዕፅዋት መለኪያ ነው። መናፈሻው ደምቆ የከተማው መሃል ከጨለመ ባንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ነው፤ በውስጡ ጣሪያ፣ ዛፍና መንገድ ይደባለቃሉ። ባለአንድ ፎቅ ቤት ፈርሶ በቦታው ረጅም ሕንፃ ቢቆምም ለውጡ ላይታይ ይችላል። ከ2015 ወዲህ ላለው ባለ10 ሜትሩ የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል-2 የተሻለ ያሳያል፤ ከላንድሳት ጋር ግን በአንድ ንጽጽር አይቀላቅሉት።

ትልቁ ችግር ባዶ መሬት ነው፤ የታረሰ ማሳም እንደ ሕንፃ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። መለያው ጊዜ ነው፤ ማሳ ሲዘራ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሕንፃ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ቢያንስ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ያልተለወጠውን ብቻ «ተገንብቷል» ብለው ይመዝግቡ። ከዚያም በዘፈቀደ 100 ነጥቦች መርጠው በጎግል ኧርዝ ፕሮ የቀድሞ ምስሎች ላይ አንድ በአንድ ያመሳክሩ።